የወንድ ድመት የሽንት መዘጋት፦ የአንድ በሽታ ስም ታሪክ

ምግቡንና ውሃውን በቤት ውስጥ የሚያገኝ፣ ዕድሜው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆን ወንድ ድመት በድንገት ወደሚጸዳዳበት የአሸዋ ሣጥን መመላለስ ይጀምራል። ይቀመጣል፤ ያምጣል፤ ይጮኻል፤ ነገር ግን አንዳች አይወጣውም። ባለቤቱም ብዙውን ጊዜ ሆዱ የደረቀበት መስሎት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ሐኪሙ ሲዳስሰው ግን የሚያገኘው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፊኛ ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ከንፍጥና ከደቃቅ አሸዋ የተጋገረ፣ ቡሽ የመሰለ ትንሽ መድፈኛ ይዘጋዋል። ቧንቧው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ካልተከፈተ በደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ፖታሲየም ልቡን ያቆመዋል። ስለሆነም የበሽታው መንስኤ ምንድን ነው የሚለው ክርክር ለምሁራን መወያያ ብቻ የቀረበ ጥያቄ አልነበረም።

በሽታው ዛሬም ድረስ በብዙዎች አንደበት የቀረውን ስም ያገኘው በ1970 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ኦስባልዲስተንና ታውሲግ የተባሉ ሐኪሞች በ46 ድመቶች ላይ ያዩትን ሲዘግቡ ሕመሙን «ፊላይን ዩሮሎጂካል ሲንድሮም» አሉት፤ የድመት የሽንት አካላት ሕመም እንደማለት ነው። ስሙ አጭርና ምቹ ነበር። ጉዳቱም ከምቾቱ የመጣ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ስም ያለው ነገር አንድ መንስኤ ያለው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሃያ ዓመት ያንን አንድ መንስኤ በማሳደድ አለፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው መኮላሸት ነበር። በልጅነቱ የተኮላሸ ድመት ቧንቧው ሳይሰፋ ይቀራል ተብሎ በሰፊው ይታመን ነበር፤ ሄሮን የተባለ ተመራማሪ በ1972 ዓ.ም. ያቀረበው የልኬት ጥናት ግን በተኮላሹትና ባልተኮላሹት መካከል የቧንቧ ስፋት ልዩነት አላገኘም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካትሪን ፋብሪካንት በ1960ዎቹ መጨረሻ ከታመሙ ድመቶች ቫይረሶችን ለየች፤ በኋላም በሄርፐስ ቫይረስ አማካይነት በጤነኛ ወንድ ድመቶች ላይ ሕመሙን ማስነሣቷን አስታወቀች። ሌሎች ቫይረሱን ከታመሙ ድመቶች ለማግኘት ያደረጉት ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ስላልሰመረ ሐሳቡ እየደበዘዘ ሄደ። ሆኖም ሥራዋ ከንቱ አልቀረም፤ በቫይረሱ በተያዙ የድመት ሕዋሳት ውስጥ የኮሌስትሮል ቅንጣቶች ማየቷ፣ በዶሮዎች ላይ ቫይረስ የደም ሥር ድንዳኔ ሊያስከትል እንደሚችል ወዳሳየው የ1978 ዓ.ም. ጥናት መርቷታል።

ክርክሩ እስኪያበቃ ድመቶቹ ሊጠብቁ አይችሉም ነበርና ቀዶ ሐኪሞች የራሳቸውን መንገድ ያዙ። ዊልሰንና ሃሪሰን በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት ዘዴ ጠባቡ የቧንቧ ክፍል ተቆርጦ ይወጣና ሰፊው ክፍል ከፊንጢጣ በታች ይከፈታል። ይህ ቀዶ ሕክምና የብዙ ድመቶችን ሕይወት አትርፏል። በአንጻሩ መዘጋቱን እንጂ ሕመሙን አያጠፋም፤ ለተሕዋስያንም በር ይከፍታል።

ከሁሉ በላይ ሕዝብን የማረከው ግን የ«አመድ» ክስ ነው። ከድመቶች ፊኛ የሚወጣው ጠጠር በአብዛኛው ማግኒዚየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት ያለበት ስትሩቫይት ስለነበረ፣ ጥፋቱ በደረቅ ምግብ ውስጥ ባለው ማዕድን ላይ ተጣለ። የድመት ባለቤቶች በየማሸጊያው ላይ የአመዱን መጠን ማንበብ ያዙ፤ የምግብ ፋብሪካዎችም «አነስተኛ አመድ» የሚል ጽሑፍ ማተም ጀመሩ። በሙከራም ማግኒዚየም የተጨመረበት ምግብ የበሉ ድመቶች ጠጠር አበጁ። ነገሩ የተረጋገጠ መሰለ። በ1985 ዓ.ም. ግን ቶኒ ቡፊንግተንና ባልደረቦቹ የማግኒዚየም ጉዳት በሽንቱ የአሲድነት መጠን የሚወሰን መሆኑን አሳዩ። በቀደሙት ሙከራዎች የተጨመረው ማግኒዚየም ኦክሳይድ ራሱ ሽንቱን ከአሲድ የሚያርቅ ነበር፤ ማዕድኑ በክሎራይድ መልክ ሲሰጥ ግን ያው ማግኒዚየም ጠጠር አላበጀም።

ከዚህም የተነሣ ሽንትን አሲድ የሚያደርጉ ምግቦች ገበያውን ሞሉት። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካርል ኦስቦርን ያቋቋመው የጠጠር መመርመሪያ ማእከል ሥራ በጀመረበት በ1981 ዓ.ም. ከተላኩለት የድመት ጠጠሮች መካከል ከመቶ 78ቱ ስትሩቫይት፣ ከመቶ 2ቱ ብቻ ካልሲየም ኦክሳሌት ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ኦክሳሌት ከግማሽ በላይ ሆነ፤ ስትሩቫይት ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። እርግጥ ነው፣ ስትሩቫይት በምግብ ሟሙቶ ስለሚጠፋ ወደ ማእከሉ የሚላከው ማነሱ ለቁጥሩ የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ቢሆንም ከመጠን ያለፈ አሲድነት ለኦክሳሌት መንገድ መጥረጉንና የፖታሲየም እጥረትን ማባባሱን ብዙዎች ተቀብለውታል። ኦክሳሌት ደግሞ በምግብ አይሟሟም፤ በቀዶ ሕክምና ወይም በሌላ መሣሪያ መውጣት አለበት።

በዚህ ሁሉ መካከል ኦስቦርንና ባልደረቦቹ በ1984 ዓ.ም. የበሽታውን ስም ራሱን ተቃወሙ። ጠጠር፣ መድፈኛ፣ ተሕዋስያን፣ ዕባጭ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉና ሐኪሙ መንስኤውን በእያንዳንዱ ድመት ላይ ለይቶ እንዲፈልግ ጠየቁ። ፍለጋው በጥንቃቄ ሲካሄድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ጠጠርም ተሕዋስያንም አልተገኘም።

ቡፊንግተን ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ በ1990ዎቹ የተጠመደው በእነዚህ ድመቶች ነው። ፊኛቸው በሰው ዘንድ፣ በተለይም በሴቶች ላይ ከሚታየው መንስኤው የማይታወቅ የፊኛ ቁስለት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አገኘው፤ ጭንቀት ሲደርስባቸው የሚነሣውም ነርቭ ከጤነኞቹ ይልቅ የነቃ ነበር። በ2006 ዓ.ም. እርሱና ባልደረቦቹ ከቤት የማይወጡ ታማሚ ድመቶች ባለቤቶችን የቤቱን አኗኗር እንዲለውጡ መከሩ። መውጫ ከፍታ፣ መደበቂያ ቦታ፣ ተጨማሪ የአሸዋ ሣጥን፣ ጨዋታ፣ ከሌሎች ድመቶች ጋር ግጭትን መቀነስ፤ ይህን የመሰለ ነበር ምክሩ። የሽንት ሕመሙ ምልክቶች በጉልህ ቀነሱ። የተጠኑት ድመቶች ቁጥር፣ እንዳጋጣሚ፣ ልክ እንደ 1970ው ዘገባ 46 ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ኩፐር፣ ቡፊንግተንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ይበልጥ ደፋር ሙከራ አቀረቡ። የቱቦ ሕክምናውን ወጪ መክፈል ያልቻሉ ባለቤቶች ድመቶቻቸው እንዲገደሉ መወሰን ግድ ይሆንባቸው ነበር። ሐኪሞቹም 15 የተዘጋባቸው ወንድ ድመቶችን ያለ ካቴተር አከሙ። የሚያረጋጋና ሥቃይን የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጧቸው፤ እንዳስፈላጊነቱም ሽንቱን በመርፌ ከፊኛው እየቀዱ ጸጥታ ባለበት ክፍል አኖሯቸው። ከ15ቱ 11ዱ በራሳቸው ሸንተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በቀሩት አራቱ ሕክምናው አልሰመረም።