የመተማ መንገድ፦ ዕጣ ፈንታና ነጻ ፈቃድ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፍጻሜ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌ ላይ ያሠሩት፣ ግንባታውን ኢጣሊያዊው ጃኮሞ ናሬቲ የመራው ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። ባለቤቱ ግን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሱዳን ማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው አረፉ። ይህ ፍጻሜ ሲነሣ «ቀናቸው ደርሶ ነው»፣ «የተጻፈ አይቀርም» የሚል ቃል አይጠፋም። ቃሉ ለለቅሶ ቤት ይሆናል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አይበቃም። ንጉሠ ነገሥቱን ወደ መተማ ያደረሳቸው በግንባራቸው የተጻፈ ዕጣ አይመስለኝም። በየጊዜው በፈቃዳቸው የወሰኑት ተደራርቦ የቀጣዩን ምርጫ በር እያጠበበ ሄደ እንጂ።

ጥንታዊው የግሪክ ትራጀዲም በጥንቃቄ ሲነበብ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የሶፎክልስ ኤዲፐስ አባቱን እንደሚገድል፣ እናቱን እንደሚያገባ ትንቢት ተነግሮበታልና የዕጣ ፈንታ ምርኮኛ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ተውኔቱ ሲጀመር ትንቢቱ ከተፈጸመ ቆይቷል፤ መድረኩ ላይ የምናየው ምርመራውን ነው። የዴልፊ ቃል ገዳዩ እንዲባረር ቢያዝም፣ ነቢዩ ጢሬስያስ ተው ሲለው፣ ሚስቱ ዮካስታ ስትለምነው፣ እረኛው አልናገርም ሲል የሚገፋው ኤዲፐስ ራሱ ነው። አርስቶትልም የጀግናውን ውድቀት ያያያዘው ከሐማርቲያ፣ ማለትም ከሰውየው ስሕተት ጋር ነው።

የዮሐንስም ፍጻሜ እንዲሁ ከውሳኔዎቻቸው ይነበባል። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ድል ነሥተው ነበር። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር ሲዋዋሉ ግን በማህዲስቶች የተከበበው ያው የግብፅ ጦር በግዛታቸው በኩል እንዲወጣ ለመርዳት ተስማሙ። በምላሹ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ ምጽዋም ለንግዳቸው ክፍት ልትሆን ነው። የዚያን ዕለት ውሉ ብልኅነት ነበር፤ ዕዳው ቆይቶ መጣ። ማህዲስቶች ደመኛ ሆኑ፤ ዓመት ሳይሞላ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። በጥር 1880 ጎንደር በማህዲስቶች ተቃጠለች። ዮሐንስ በመጋቢት ሰዓቲ ካለው የኢጣሊያ ምሽግ ፊት ደርሰው ሳይዋጉ ተመለሱ፤ ከዚያም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አብረውባቸዋል ብለው ጎጃምን ወጉ። ከሦስቱ ግንባር የማህዲስቶቹን፣ መተማን፣ ያስቀደሙት ራሳቸው ናቸው።

ቅኝ ገዢዎች የከበቡት ንጉሥ ምን ምርጫ ነበረው? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሂዌት የመጣው በእሳቸው ጥሪ አይደለም። ይሁን እንጂ የጠበበ ምርጫ የሌለ ምርጫ አይደለም፤ ሰዓቲ ላይ አለመዋጋታቸውም አማራጭ መመዘናቸውን ያሳያል። የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፦ ጦሩ ወደ ድል ሲያዘነብል ያገኘቻቸው ጥይት ዕጣም ፈቃድም አይደለችም፣ አጋጣሚ ናት። እርግጥ ነው። ነገር ግን ንጉሥ ራሱ ፊት ሆኖ የሚዋጋበት፣ እሱ ሲወድቅ ሠራዊቱ የሚፈታበት ሥርዓት የሰው ሥራ ነው፤ ጥይቷን የመንግሥት ውድቀት ያደረጋት ይኸው ሥርዓት ነው።

ዮሐንስ ቆስለው ሳሉም ራስ መንገሻን ወራሻቸው አድርገው ሰየሙ። ቃሉን የሚያስፈጽመው ሠራዊት ግን ተበትኖ ነበር፤ ሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክ ውጫሌ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ተዋዋሉ።