ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ስም

ያንን ቪዲዮ ያላየ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2009 በተላለፈው የብሪታንያ የተሰጥኦ ውድድር መድረክ ላይ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሴት ትወጣለች። ታዳሚው ይስቃል፤ ይጠቃቀሳል። መዝፈን ስትጀምር ግን አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ሱዛን ቦይል ትባላለች።

ቪዲዮው የማያሳየው ከዚያ በፊት የነበረውን ሕይወቷን ነው። ሱዛን በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ ተወለደች። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል ተባለ። ትምህርት ቤት ስትገባም ያ ወሬ ቀድሟት ደረሰ። ልጆቹ «ቂሏ ሱዚ» የሚል ቅጽል አወጡላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ዝነኛ ከሆነች በኋላም ያንን ስም አልረሳችውም።

በ2012 ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመረመረች። ውጤቱ አስፐርገር ሆነ፤ ዛሬ በኦቲዝም ሥር የሚጠቃለለው ማለት ነው። የማሰብ ችሎታዋም ከአማካይ በላይ እንደሆነ ተነገራት። በ2013 መጨረሻ ጉዳዩን ለጋዜጣ ስትናገር፣ እፎይታ እንደተሰማትና የልጅነቱ ፍርድ ልክ እንዳልነበር ሁልጊዜም ታውቅ እንደነበር ገለጸች።

ታዲያ አንድ ሰው ራሱን ለማወቅ ስለምን ሃምሳ ዓመት ይጠብቃል? ነገሩ የአንድ ሐኪም ስህተት ብቻ አይደለም። ሥሩ ኦቲዝም ከተጻፈበት ታሪክ ውስጥ ነው።

በ1943 አሜሪካ ውስጥ ዶክተር ሊዮ ካነር ኦቲዝምን ለዓለም ያስተዋወቀውን ጽሑፍ አወጡ። ከ11ዱ ልጆች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። በ1944 ቪየና ላይ ሃንስ አስፐርገር አራት ልጆችን ዘርዝረው ጻፉ፤ አራቱም ወንዶች። እንዲያውም ነገሩን የወንድ አእምሮ ጠርዝ አድርገው ገለጹት። መመዘኛው በወንድ ልጅ ልክ ተሰፋ። በባቡርና በቁጥር የተጠመደ ወንድ ልጅ ሲገኝ «ኦቲዝም ይሆን?» ተባለ። ጥግ ይዛ የምታነብ፣ የጓደኞቿን አነጋገርና አሳሳቅ አጥንታ የምትኮርጅ፣ ቤቷ ስትገባ ደክሟት የምትወድቅ ልጅ ግን «ዓይን አፋር» ወይም «ኩሩ» ተብላ ታለፈች። ያልተመረመረች ልጅ በጥናት ውስጥ አትቆጠርም፤ ስላልተቆጠረችም ቀጣዩ ሐኪም አይፈልጋትም።

የሚያስቆጨው ግን የሚከተለው ነው። ከካነርም ከአስፐርገርም በፊት ኪየቭ የተወለዱት የሶቪየት የሥነ አእምሮ ሐኪም ግሩንያ ሱካሬቫ በ1925 ስለ ስድስት ወንዶች ልጆች ጽፈው ነበር። የገለጹት ጠባይ ዛሬ ኦቲዝም ከሚባለው ጋር በእጅጉ ይገጥማል። በ1927 ደግሞ ስለ ሴቶች ልጆች ለብቻ ጻፉ፤ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ያለውንም ልዩነት አሳዩ። የወንዶቹ ጽሑፍ በ1996 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። የሴቶቹ የተተረጎመው በ2020 ነው። 93 ዓመት! ሱዛን ቦይል ምርመራዋን ከጨረሰች ስምንት ዓመት አልፏል።

በኢትዮጵያም ኦቲዝም የሚለውን ቃል በሕዝብ ዘንድ ካስተዋወቁት ቀዳሚዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በልጃቸው ምክንያት በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ቃሉ የመጣው ከሕፃናት ጋር ነው። ያኔ አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው የነበሩትን ሴቶች «ሰው አትወድም» እያሉ መጥራቱ ቀጠለ።

ዘግይቶ የመጣ ስም ያለፈውን አይመልስም። የጠፋው የትምህርት ዘመን አይተካም፤ ለዚህም ነው እፎይታው ከሐዘን ጋር የሚመጣው። ሆኖም የኋላው ዘመን እንደ አዲስ ይነበባል። በ2009 ውድድሩ ሊጠናቀቅ ሲል ጋዜጦች ሱዛን በሰው ላይ መቆጣቷን እየቆጠሩ ጻፉ፤ ከፍጻሜው ማግስት ደክማ ክሊኒክ ገባች። ብዙዎች ዝናው አናቷ ላይ ወጣ አሉ። ኦቲዝም ላለበት ሰው የመብራቱ ብዛት፣ ጩኸቱ፣ በየደቂቃው አዲስ ፊት ማየቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ግን ያንን ሳምንት በሌላ ዓይን ያየዋል።

ያ ምርመራ በስድስት ዓመቷ ቢደረግላት ኖሮ፣ በክፍሉ ውስጥ ስሟ ሱዛን ብቻ ይሆን ነበር።