ሳይወድ መርማሪ፦ ዱካና ቃል በይፋት የምርመራ ልማድና በአማርኛ ልብወለድ

1. መግቢያ

የመርማሪ ልብወለድ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ ብዙ ቦታ አልተሰጠውም። በክፍል ውስጥ ጉዳዩ ሲነሣ አብዛኛዎቹ ተማሪዎቼ «ከውጭ የመጣ ነው» ብለው ያልፉታል። አባባሉ በከፊል እውነትነት አለው። ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጀመሪያውን መርማሪ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ አርተር ኮናን ዶይልም እ.ኤ.አ. በ1887 ሸርሎክ ሆምስን ለአንባቢ አስተዋወቀ፤ እኛ ዘንድ ዘውጉ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ ያውም በአብዛኛው በትርጉም ነው። ይሁን እንጂ ዘውጉ ከውጭ መጣ ማለትና ወንጀልን መርምሮ የማግኘት ልማድ ከውጭ መጣ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን የነበሩትን ሁለት ነባር የምርመራ ሥርዓቶች፣ ማለትም ሌባ ሻይንና አውጫጭኝን፣ ከልብወለዱ መርማሪ ጋር ማነጻጸርና ልዩነታቸው ለሥነ ጽሑፋችን ምን እንደሚነግረን ማሳየት ነው።

የማተኩርበት ቦታ ካራቆሬና አካባቢዋ ነው። ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አታዬን ካለፉ በኋላ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ሥፍራውን የመረጥኁት ያደግሁበት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ለንጽጽሩ የሚጠቅም የአየር ጠባይ ስላለው ጭምር ነው።

የአውሮፓው መርማሪ ልብወለድ ከሚወዳቸው መቼቶች አንዱ በረዶ የዘጋው ሥፍራ ነው። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመችው በምሥራቅ ፈጣን ባቡር ላይ በተፈጸመው ግድያ ታሪክ ውስጥ ባቡሩ በበረዶ ተይዞ ይቆማል፤ መርማሪውም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተሳፍሮ ሳለ ሳያስበው ምርመራው ይጫንበታል። በዚህ ዓይነት ታሪክ በረዶ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ሰው እንዳይወጣና እንዳይገባ ያግዳል፤ በሌላ በኩል የሄደውን ሰው ዱካ አትሞ ያቆያል። የይፋት ክረምት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል። ወንዞቹ ሲሞሉ ቆላው ከቆላ፣ ቀበሌው ከቀበሌ ይቆራረጣል። ዱካን ግን አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። በበጋ አቧራ ላይ የከብትና የሰው ኮቴ አንብቦ የሚከተል እረኛ ሐምሌ ላይ የሚያነበው ነገር የለውም። ዱካ በማይገኝበት ጊዜ መርማሪ የሚቀረው የሰው ቃል ነው። ነባሮቹ ሥርዓቶቻችን የተገነቡትም በዚህ ላይ፣ ማለትም ቃልን ከሰው አፍ በማውጣት ወይም ቃልን ጨርሶ በመዝለል ላይ ነው።

2. ሌባ ሻይ፦ ቃል የሌለው መርማሪ

«ሻ» ማለት ፈለገ ማለት ነውና ሌባ ሻይ ቃል በቃል ሲፈታ ሌባ ፈላጊ ይሆናል። ስሙ የሚሰጠው ለሥራው ባለቤት ነው፤ ፍለጋውን የሚያካሂደው ግን ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ነበር። ንብረት የተሰረቀበት ሰው አቤት ሲል ልጁ መድኃኒት የተበጠበጠበት መጠጥ ይሰጠዋል፤ እንዲያጨስም ይደረጋል። አእምሮው ሲናወጥ በወገቡ በታሰረ መቀነት ተይዞ ይለቀቃል። እየሮጠ፣ እየወደቀና እየተነሣ ሄዶ የገባበትና የተጋደመበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል።

ይህን ልማድ የኋላ ቀርነት ምሳሌ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ሊጤን የሚገባው ነገር አለው። በዚህ ምርመራ ውስጥ መርማሪው ከተመርማሪው ባልተናነሰ ሁኔታ የተገደደ ነው። ልጁ የጠፋውን ንብረት አያውቅም፤ ባለንብረቱን አያውቅም፤ ሲነቃም ምን እንዳደረገ ተጠይቆ ሊያስረዳ አይችልም። የተያዘውም ሰው የሚከራከረው የለውም። በላ ልበልሃ ተብሎ በሚታወቀው ሙግት ባላጋራን በቃል ማጥመድ፣ በነገር መርታት ይቻል ነበር። በሌባ ሻይ ፊት ግን የነገር አዋቂነት ዋጋ አልነበረውም፤ በመቀነት የታሰረን ሕፃን በነገር የሚረታ ጠበቃ የለምና። መቀነቱን የያዘው ሰው እጅ ደግሞ ወዴት እንደሚስብ የሚቆጣጠር አልነበረም። ሥርዓቱ ውጤት ሰጥቶ ከሆነ በአብዛኛው በፍርሃት ኃይል ይመስላል፤ ሌባ ሻይ ሊመጣ ነው መባሉ ብቻ የተሰረቀውን በሌሊት ለማስመለስ የሚበቃ ነበር። ልማዱ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን ተከለከለ።

3. አውጫጭኝ፦ ሁሉም መርማሪ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ

ሁለተኛው ሥርዓት አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ነው። አውጫጭኝ የሚለው ስም «አወጣ» ከሚለው ግስ የተገኘ መሆኑ የሥርዓቱን ባሕርይ ይገልጸዋል፤ ነገሩ የሚወጣው አንዱ ከሌላው ነውና። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ሰው ሲገደልና ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። የመጣ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። እያንዳንዱ ይምላል፤ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በግልጽ መናገር የሚያስፈራ ሲሆን ነገሩ በ«ወፍ» በኩል ይመጣል፤ ወፍ ማለት ስሙ የማይገለጽ ጠቋሚ ነው። ዛሬ «ወፍ ነገረኝ» የምንለው አነጋገር ከዚህ ዓለም ርቆ የሚገኝ አይደለም። ፈጻሚው ካልተገኘ ደግሞ ተሰብሳቢው በጋራ ካሣ ይከፍላል።

እዚህ ላይ የክረምቱ ነገር እንደገና ይመጣል። በእርሻ ወራት ሦስት ቀን ሜዳ ላይ መዋል ለገበሬ የአንድ ማሳ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በአውጫጭኝ ውስጥ የሚመረምረው ሰው የሚመረምረው ፈልጎ አይደለም፤ ወደ በሬው ለመመለስ ነው። ግዴታው እውነትን ያፋጥናል፤ በዚያው ልክ ሐሰትንም ያፋጥናል። ዘመድ የሌለው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ፣ ወይም ከጎረቤት የተጣላ ሰው ስም በወፍ አፍ ቢነሣ ሁሉንም ነጻ የሚያወጣ መልስ ተገኘ ማለት ነው። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ በሚገናኙበት እንደ ይፋት ባለ ምድር ይህ አደጋ ቀላል አልነበረም። በሌላ በኩል አውጫጭኝ ሌባ ሻይ ያልነበረው ነገር ነበረው፤ የተወነጀለው ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ መመለስ ይችላል።

ይህን ሥርዓት ወደ ልብወለድ ያመጣው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በለንደን በአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ ዕትም ውስጥ በእንግሊዝኛ የታተመው «አፈርሳታ» በጉራጌ ምድር የአንድ ሰው ጎጆ በመቃጠሉ ይጀምርና በመንደሩ ሸንጎ ዙሪያ ይቀጥላል። ዘውጉን የለመደ አንባቢ ቤት አቃጣዩን ይጠብቃል። ደራሲው ግን ዓይኑን ያሳረፈው በሰብሳቢውና በተሰብሳቢው፣ በሽምግልናውና በአብሮ መኖሩ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የዘውግ ድክመት አይደለም። መርማሪው መንደሩ ሁሉ ከሆነ ታሪኩም የመንደሩ መሆኑ የግድ ነው።

4. ከሸንጎ ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ልብወለድ

እ.ኤ.አ. በ1942 የፖሊስ አዋጅ ሲወጣ፣ በኋላም በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲታወጅ ምርመራ በሕግ ፊት ባለሙያ ተመደበለት። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ የተያዘ ሰው ለፖሊስ መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለው መደንገጉ ከአውጫጭኝ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው። በሜዳው ላይ ዝም ማለት በራሱ ጥርጣሬ ነበር፤ በሕጉ ግን ዝምታ መብት ሆነ።

የአማርኛ የወንጀልና የስለላ ልብወለድ አንባቢ ያገኘው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው። ማሞ ውድነህ «የኛው ሰው በደማስቆ»ን በመሰሉ ትርጉሞቹ ብዙ አንባቢ አፍርቷል። ከእነዚህ መጻሕፍት የምንረዳው አንባቢው ብቻውን የሚያስብ፣ ብቻውን የሚያደፍጥ ሰው ታሪክ እንደ ጠማው ነው። ሸንጎው ያልሰጠውን ብቸኝነት ልብወለዱ ሰጠው። ሆኖም የግል መርማሪ በከተሞቻችን የሚታወቅ ሙያ ስላልነበረ፣ ደራሲው መርማሪውን ፖሊስ፣ ሰላይ ወይም ጋዜጠኛ ለማድረግ ይገደዳል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ የመንግሥት እንጀራ የሚበሉ ናቸው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወደ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ የሚያየውንና የሚያወጣውንም የሚወስነው ራሱ ብቻ አይደለም። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ ምስጢር የጻፈው ሰው ራሱ ያልተፈታ ምስጢር ሆነ፤ ሸንጎም አልተቀመጠለትም።

5. የካራቆሬው ምርመራ

ወደ ካራቆሬ ልመለስ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢውን ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው፤ ከሁሉ የበረታው ግንቦት 25 ቀን የደረሰው ነበር። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ ከካራቆሬ በስተሰሜን የሚሄደው ዋናው መንገድም በመሬት መሰንጠቅና መንሸራተት ተጎዳ። ይህን ያደረሰውን በአውጫጭኝ ማውጣት አይቻልም።

መርማሪ ሆኖ የቀረበው በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ይመራ የነበረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ነው። ጉዋን ከዓመታት በኋላም ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሶ የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማዕከል የት እንደነበረ እንደገና መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ደግሞ ከመሣሪያ ልኬት አልፎ ወደ ዜና መዋዕሎች፣ ወደ መንገደኞች ማስታወሻና ወደ ደብዳቤዎች ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1842፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከይፋት ቆላ በላይ ያለችውን አንኮበርን የጎዳው መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት ከዚህ ዓይነት ምንጭ የሚታወቅ ነው።

ለእኛ ትምህርቱ በዘዴው ላይ ነው። በድንጋይ ላይ የቀረ ስንጥቅ ዝናብ የማያጥበው ዱካ ነው፤ የዜና መዋዕል ጸሐፊ አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቃል ነው። ጉዋን ቃሉን በዱካው፣ ዱካውንም በቃሉ ፈተነ። ጸሐፊው መዓት ብሎ የመዘገበውን ሳይንቅ፣ ሳያመልክም፣ ቀኑንና ቦታውን ለየ። ሌባ ሻይ ቃልን ዘለለ፤ አውጫጭኝ ቃልን ብቻ ያዘ፤ ሁለቱም የጎደላቸው ይህ መተያየት ነበር። በጎደለው ቦታ የገባው ደግሞ ተከራካሪ የሌለው ሰው ነው።

6. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ንጽጽር ሁለት ነጥቦችን ያሳያል። አንደኛ፣ በአገራችን የምርመራ ታሪክ ውስጥ መርማሪው በአብዛኛው ሳይወድ የገባ ሰው ነው፤ በመጠጥ የሰከረ ሕፃን፣ ከእርሻው የተጠራ ገበሬ፣ ታዞ የተላከ ጋዜጠኛ። ጎበዙና ባለደመወዙ የግል መርማሪ የሌላ ከተማ ልጅ ነው። የአማርኛ መርማሪ ልብወለድ ጸሐፊ እርሱን ስም ለውጦ ከማስገባት ይልቅ ይህን ተገዳጅ መርማሪ ቢይዝ የራሱ የሆነ ጭንቀትና የራሱ የሆነ ሴራ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ሀብት በእጃችን ነው። አውጫጭኝ ላይ የተቀመጡ አዛውንቶች ጥቂት ቢሆኑም አሉ፤ የወረዳ ፍርድ ቤቶች መዛግብትም አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ወደ አታዬና ወደ ካራቆሬ ወርዶ እነዚህን ቢሰበስብ፣ በተለይም ስሙ በወፍ አፍ የተነሣበትን ሰው ወገን ምስክርነት ቢመዘግብ፣ እስካሁን በከሳሽ በኩል ብቻ የተነገረውን ታሪክ ከሌላው ወገን መስማት እንጀምራለን።