ድርቅን ያወቀች ወሎ፣ ጎርፍን ያላየ ካርታ

ስለ ወሎ የተጻፈው ታሪክ በአመዛኙ የዝናብ እጦት ታሪክ ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ እልፍ ነፍስ ቀጥፎ፣ ዙፋን አናግቶ፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ወልዶ አለፈ። በ1960ዎቹ ማብቂያም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲጠይቅ የኖረው «ዝናቡ ቀረ ወይ?» ብሎ ነው። «ዝናቡ ሲመጣስ ውሃው በየት ያልፋል?» የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ዘመን ባለቤት አላገኘም።

ደሴና ኮምቦልቻ የዚህ ጥያቄ ዋነኛ ተጠሪዎች ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣላለች። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ቦርከና ነው፤ የደሴን ተዳፋት ውሃ ሰብስቦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በጨፋ ረግረግ አልፎ ወደ አዋሽ ይዘልቃል። ስለዚህ ደሴ ላይ የተነጠፈ አስፋልት፣ የተመነጠረ ዛፍ፣ በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ ሁሉ ዕዳው ለታችኛው ከተማ ይተርፋል።

ከተሞቹ ደግሞ ባሉበት አልቆሙም። የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ የነበረችው ደሴ ጠፍጣፋ መሬት ሲያልቅባት ወደ ገደሉና ወደ ወንዙ ዳር ተገፋች። ኮምቦልቻም ጣሊያን ባነጠፈው መንገድ፣ በደርግ ዘመን በተተከለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እየሰፋች መጣች። መሬቱ በቆርቆሮና በሲሚንቶ በተሸፈነ ቁጥር የሚሰርገው ውሃ ያንሳል፣ የሚጋልበው ይበዛል። የትናንት ካርታ ለዛሬ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ቸል ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ ድሬዳዋ አሳይታናለች። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በላይኛው ደጋ የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ የዝናብ ውኃ የጠገበ ተዳፋት ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ተጎጂዎች ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። የመሬት መንሸራተት ለደሴም እንግዳ አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጩኸታችን ሁልጊዜ ከቀብር በኋላ ነው።

የጎርፍ ስጋት ካርታ ምን ይፈልጋል? አገሪቱ ለዘመናት የተገለገለችበት የ1፡50,000 ካርታ የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ይራራቃሉ፤ ቤት የሚያጥለቀልቅ የ2 ሜትር ውሃ እዚያ ላይ አይታይም። ስለዚህ ዝርዝር የከፍታ መለኪያ፣ የዝናብ መዝገብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃው እስከየትኛው ደጃፍ እንደደረሰ የሚያስታውሱ አዛውንቶች ምስክርነት ያስፈልጋል። «በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» የሚባለውም መቶ ዓመት ይጠብቃል ማለት አይደለም። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ከአደጋ በኋላ ከመራወጥ ይልቅ አስቀድሞ ስጋትን መቀነስን መርሕ አድርጓል፤ የየወረዳው የስጋት መገለጫ እንዲዘጋጅም ይጠይቃል። ችግሩ ካርታ ከሐሳብ ወደ መሬት ሲወርድ ፖለቲካ መሆኑ ነው። በቀይ የተቀባ መሬት ሊዙ ይረክሳል፤ ፈቃዱን ማን ሰጠ የሚል ጥያቄም ያስነሣል። በሌላ በኩል ድሃውን ያለ ምትክ ቦታ ለማፈናቀል ሰበብ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ሕመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ካርታው በመሳቢያ ሳይሆን በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይዋል፣ ነዋሪው ይከራከርበት፣ አዲስ መንገድና አዲስ ሰፈር በተከፈተ ቁጥር ይታደስ፣ ደሴና ኮምቦልቻም አንድ ወንዝ እንደሚጋሩ ሁሉ አንድ ካርታ ይጋሩ።

ወሎ የዝናብን መቅረት መቁጠር ለኢትዮጵያ ያስተማረችው በልጆቿ ሞት ነው። የዝናብን መምጣት ለመቁጠር ሌላ ሞት መጠበቅ የለባትም።