ፀጋዬ ገብረመድኅን

ፀጋዬ ገብረመድኅን (1928–1998 ዓ.ም.) አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደ ጸሐፌ ተውኔት፣ ባለቅኔና አዘጋጅ ነው። ገና ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት በአጼ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል።

የአጻጻፉ ትልቁ መለያ ቃሉ ለተዋናይ አንደበት መሠራቱ ነው። የተለመደው የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም ሲኖረው፣ ፀጋዬ ስምንት ስምንት ቀለም ያላቸውን ሁለት ሐረጎች አጋጥሞ ስንኙን ወደ 16 አሰፋው። ስልቱም «የፀጋዬ ቤት» ተባለ። ረጅሙ ስንኝ ተዋናዩን ትንፋሽ ያስቆጥረዋል፤ ንዴትና ምሬት እየተጠራቀሙ እንዲገነፍሉም ቦታ ይሰጣል። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘው ተውኔቱ ላይ ይህ ጉልበት አለ።

ከውጭ የወሰደውንም እንደወረደ አያቀርብም ነበር። የሼክስፒርን «ሐምሌት»ን፣ «ኦቴሎ»ን እና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መለሰ፤ የብሬሽትን ተውኔት መነሻ አድርጎም «እናት ዓለም ጠኑ»ን ጻፈ። ትርጉሞቹ አማርኛ የሼክስፒርን ክብደት መሸከም እንደሚችል በመድረክ አስመስክረዋል።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ደራሲ አልነበረም። በለንደንና በፓሪስ ቴአትር ቤቶች ልምድ ቀስሞ ከተመለሰ በኋላ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውን ቤት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መርቷል። የራሱን ተውኔቶችም አዘጋጅቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ያደረገው ጥረት ግን ከሹመቱ ሁሉ ይበልጣል፤ ሙያው በትምህርት የሚተላለፍበትን በር ከፍቷልና።

ኒው ዮርክ ውስጥ አርፎ አስከሬኑ በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።