የአርክቲክ መሞቅና የማስክኦክስ የሳንባ ትል

በሰሜን ካናዳ የአርክቲክ ምድር የሚግጠው ማስክኦክስ በመልኩ በሬ ቢመስልም ዝምድናው ከበግና ከፍየል ጋር ነው። ጸጉሩ መሬት ሊነካ የሚደርሰው ይህ የዱር እንስሳ ብርዱን ይቋቋማል፤ ሳንባው ውስጥ ለሚያድግ ትል ግን ተጋላጭ ነው።

ትሉ እ.አ.አ. በ1988 ኩግሉክቱክ በተባለችው መንደር አቅራቢያ ተገኘ፤ በ1995 ደግሞ ኡሚንግማክስትሮንጊለስ ፓሊኩኬንሲስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው። "ኡሚንግማክ" ኢንዊቶች ማስክኦክስን የሚጠሩበት ቃል ሲሆን ትርጉሙ "ጺማሙ" ነው።

የጎለመሱት ትሎች በሳንባው ላይ በሚፈጠሩ እባጮች ውስጥ ተጠቅልለው ይኖራሉ፤ ሴቷ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ልትረዝም ትችላለች። እጮቹ ወደ ጉሮሮ ወጥተው ይዋጡና ከበጠጡ ጋር ይወገዳሉ። ከዚያም ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብተው ያድጋሉ። ማስክኦክሱ ሲግጥ ቀንድ አውጣውን፣ ወይም ከእርሱ ወጥቶ ሣር ላይ ያረፈውን እጭ፣ አብሮ ይውጣል።

እጩ ቀንድ አውጣው ውስጥ ለማደግ ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይሻል። አጭሩ በጋ ስለማይበቃው ቀድሞ ሁለት ዓመት ይፈጅበት ነበር፤ በ2005 የወጣ ጥናት ግን የአካባቢው መሞቅ ጊዜውን ወደ አንድ ዓመት እንዳሳጠረው አሳይቷል። ትሉ ቀደም ሲል ባልታየባት የቪክቶሪያ ደሴትም ከ2008 ወዲህ ተገኝቷል።

ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪሞች ብቻ አይደለም። ኢንዊቶች የማስክኦክስን ሥጋ ይመገባሉ፤ ኪቪዩት የተባለውን ለስላሳ የውስጥ ጸጉሩን ይሸጣሉ። በደሴቲቱ የእንስሳቱ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ ሆኖም ኤሪሲፔሎትሪክስ የተባለ ባክቴሪያም ብዙዎቹን ስለገደለ ጥፋቱን ሁሉ በትሉ ላይ መጫን ስሕተት ነው። በዱር የሚዘዋወርን መንጋ በመድኃኒት ማከም የሚታሰብ ባለመሆኑ የቀረው ክትትል ነው፤ እርሱም በአመዛኙ የአካባቢው አዳኞች በሚያመጡት ናሙና ላይ የተመሠረተ ነው።