የአቃቂ ወንዝና መድኃኒት የተላመደው ጀርም

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ወንዝ አልቸገራትም። ቀበና፣ ጊንፍሌ፣ ባንትይቀጡና ሌሎቹም ከሰሜን ተራሮች እየወረዱ ከተማዋን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ውኃቸው በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተሰብስቦ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይደርሳል፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። ልብስ የሚታጠበው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ቆሻሻ የሚደፋውም እዚያው ነበር። ሕዝቡ ጥቂት ስለነበር የክረምቱ ጎርፍ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስደው ነበር። ወንዝ የተጣለበትን ሁሉ ይወስዳል የሚለው እምነታችን የዚያ ዘመን ውርስ ይመስለኛል፤ ዛሬም አልለቀቀንም።

እኔ ያደግሁት መካኒሳ፣ ትንሹ አቃቂ ዳር ነው፤ የምተዳደረውም በሆስፒታል ላብራቶሪ ሙያ ነው። ሙያዬ ወንዙን በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል። መድኃኒት ስለተላመዱ ጀርሞች ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ክኒኑን ሳይጨርስ ባቋረጠው በሽተኛና ያለ ማዘዣ በሸጠው ፋርማሲ ላይ ነው። ወቀሳው እውነትነት አለው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግም ፔኒሲሊንን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ አስጠንቅቋል። ነገር ግን ታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ውኃው ውስጥ ነው።

አቃቂ መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ጠብቆታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከተማዋ ስታድግ ቄራው፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቢራ ጠማቂው፣ ሆስፒታሉ ሁሉም ፊቱን ወደ ወንዝ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተገነባው የአባ ሳሙኤል ግድብ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነበር፤ አቅሙም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። በኋላ ሥራ አቁሞ ከአርባ ዓመት በላይ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ ተመለሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ሐይቁ አንድ ሥራ አላቋረጠም፤ የከተማዋን ዝቃጭ ማከማቸት። እምቦጭ የወረረው ያለ ምክንያት አይደለም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተማዋ ከተቆረቆረች መቶ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ ነው። የፍሳሽ መስመሩም ለብዙ ዓመታት የደረሰው ለጥቂት ቤቶች ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ የመጣው በዚህ ላይ ነው። በልጅነቴ ጉልበታችን ሲላጥ እናቴ የቴትራሳይክሊን ቀዩንና ቢጫውን ሽፋን በጥፍሯ ከፍታ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ትነሰንስልን ነበር። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከእግራችን የታጠበው ዱቄት ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም። የተዋጠውም ቢሆን ሆድ ውስጥ አያልቅም፤ ቴትራሳይክሊንም ሆነ አሞክሳሲሊን አብዛኛው ክፍሉ ሳይለወጥ ከሽንትና ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከከተማ ሰውና ከታረደ ከብት አንጀት የወጣው ባክቴሪያ፣ የመድኃኒቱ ትራፊና ከቆዳ ፋብሪካ የሚለቀቀው ክሮሚየም አንድ ወንዝ ውስጥ ተገናኙ። ከባድ ብረትን የሚያስችል ዘረመልና መድኃኒትን የሚያስችል ዘረመል ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ተያይዘው ስለሚገኙ፣ ብረቱን የለመደ ባክቴሪያ መድኃኒቱንም ለምዶ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈራ የገባን ከጃፓን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተደጋግሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሐኪሞች ሰልፋን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ቴትራሳይክሊንን፣ ክሎራምፌኒኮልን በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ሺጌላ አገኙ። አንድ ጀርም አራቱንም በየተራ ተለማመደ ማለት አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ኦቺያይ እና አኪባ የሚባሉ ተመራማሪዎች በየፊናቸው መልሱን አገኙ፦ ባክቴሪያዎቹ ችሎታውን እርስ በርስ ይቀባበላሉ። ዛሬ ፕላዝሚድ የምንላት ትንሽ የዘረመል ቀለበት ከአንዱ ወደ ሌላው ትተላለፋለች፤ ብዙ ጊዜ ዝርያ አትመርጥም። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫረው ማለት ነው። ጉዳት የሌለው የወንዝ ባክቴሪያም ለበሽታ አምጪው እሳቱን ሊሰጥ ይችላል።

ላብራቶሪ ውስጥ ይህ በዓይን ይታያል። ባክቴሪያውን ሳህን ላይ ዘርተን መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እንደረድርበታለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል። ጀርሙ ከተላመደ ግን እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ በቅሎ ይጠብቃል። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ሁሉም ወረቀቶች ዙሪያቸው የተሸፈነ ሳህን ብርቅ ነበር፤ ሰብሰብ ብለን እናየው ነበር። አሁን ማንም ከመቀመጫው አይነሳለትም።

ውኃውን መመርመር ለሚያመነታ የሕንድ ልምድ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቼሩ በሚባል ቦታ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ከሚጣራበት ጣቢያ በወጣ ውኃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት አገኘ። ሲፕሮ በወሰደ በሽተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኒው ዴልሂ ውስጥ ኤንዲኤም-1 የሚባለው መድኃኒትን የሚያስችል አደገኛ ዘረመል ከ171 የመንገድ ዳር ፍሳሽ ናሙናዎች በ51ዱ፣ ከ50 የቧንቧ ውኃ ናሙናዎች በ2ቱ ተገኘ። ከእኛም አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጎንደር ጥናት በሆስፒታል ፍሳሽ ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አሳይቷል።

መካኒሳ ዛሬም በትንሹ አቃቂ ውኃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ይበቅላል። ነጋዴ ሴቶች ካሮቱን ጆንያ ላይ ዘርግተው በዚያው ውኃ በእግራቸው እያሹ ያጥቡታል፤ ጭቃው ሲለቅ ካሮቱ ደምቆ ያምራል፣ ገበያም ያነሳል። እነሱን መውቀስ አልችልም፤ ውኃው ከላይ ሲመጣ የእኛን ሁሉ ጓዳ አልፎ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን፣ 29 ቢሊዮን ብር እንዲፈስበት ታስቦ ነው። የወንዙን ዳር ማስዋቡን እደግፋለሁ። ውኃው ግን አብሮ ይመርመር። በየወቅቱ ከላይ ከእንጦጦ ሥር፣ ከመካኒሳና ከአባ ሳሙኤል ናሙና ተወስዶ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ይለኩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጽ። ሆስፒታሎችም ፍሳሻቸውን ወንዝ ከመድረሱ በፊት ግቢያቸው ውስጥ ያጣሩ። መለኪያው አለ፣ ባለሙያውም አለ፤ የቀረው ትእዛዙና በጀቱ ነው።